ዓይኔን ጨፍኜ ነበር በዪልኝ

ሶዶ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1956 ዓ.ም.

ሰገነትዬ፣ የነርስ ትምህርት ቤት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣

ደብዳቤሽን ጨርቅ ነጋዴው ከሊል ሱቁን ዘግቶ የሆስፒታሉ ዋርድ በር ድረስ ይዞልኝ መጣ። የጨርቅ ነጋዴ እንዲህ የሚያከብርሽ ምን አድርገሽለት እንደሆነ ሌላ ጊዜ ትነግሪኛለሽ። መልሱን በማዘግየቴ ይቅር በዪኝ። ስንፍና አይደለም፤ ዋርዱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ እኛ ደግሞ ሁለት ነርሶች ብቻ ነን፣ አንደኛዋም ነፍሰ ጡር ናት።

አዎ፣ መጥተዋል። እናትሽን ጎረቤቶች ከገሱባ በቃሬዛ አምጥተው አወረዷቸው፤ ሌሎቹ ሲመለሱ ወንድምሽ ኤርካሎ ለማስታመም ቀረ። ዶክተሩ በማግሥቱ የጭናቸውን እብጠት ቀዶ መግሉን አወጣው። ቁስሉ ከብሽሽት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ አጥንት ግን አልነካም። በየቀኑ በደንብ ከታጠበና ፋሻው ከተለወጠ ይድናሉ ብሏል። ካልታጠበ ምን እንደሚሆን ላንቺ አልነግርሽም፤ ስንቱን አብረን አይተናል።

አደራሽንም ጠብቄአለሁ። «እናቴ ዓይን አፋር ናት፤ የባዕድ እጅ ያስፈራታል፤ ወንድሜ ኤርካሎ ያመጣታልና በወገኗ እጅ ትያዝልኝ» ያልሽውን ለሜትረኗ፣ ለፈረንጇ የነርሶች አለቃችን፣ ተርጉሜ ሳነብላት ወደደችው። ስለዚህ ማገላበጡን፣ ፖፖ ማቅረቡን፣ ቁስሉ ሲታጠብ እግራቸውን ይዞ ማቆየቱን ሁሉ ለወንድምሽ ሰጠሁት።

አሁን ስለ ወንድምሽ አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሚኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል እሰማ ነበር፣ ይህን ያህል መሆኑን ግን አላወቅሁም። አንቺ ተኝተሽ እንኳ የምታወሪ፤ እሱ ያን ሁሉ ቁመት ይዞ አንድ ቃል የማይወጣው። «ኤርካሎ!» ስለው «አቤት» ይላል፣ አለቀ። አልጋው አጠገብ ሲቀመጥ ጀርባውን ለእናትሽ ሰጥቶ ነው። መጀመሪያ ቀን እግራቸውን ያዝ ስለው እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። «ያዝ እንጂ! እሷ አንተን ስታጥብህ አፍራ ነበር?» አልኩት፤ ዋርዱ በሳቅ አለቀ። ዓይኑን መርፌ እንደሚወጋ ሕፃን ጨፍኖ ያዘ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንደዚሁ ነው። ጨፍኖ ይይዛል፣ ስጨርስ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ያስመልሰዋል። ወንድ ልጅ መግል አይችልም፣ ምን ይደረግ።

ያስጨነቁኝ እናትሽ ናቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ወደ ግድግዳ ዞረዋል። እህል እምቢ አሉ። ሙቿ የሚሉትን የእንሰት ምግብ ከእነቅቤው ከከተማ አስመጣሁላቸው፣ እሱንም አልነኩትም። ቁስሉ እየዳነ እሳቸው እየባሰባቸው ሄደ እኮ! ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው ወይ? ጻፊልኝ።

ያንቺው ዓመለወርቅ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1956 ዓ.ም.

ዓመለወርቅ፣

ሰላምታ ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።

ኤርካሎ ከእኔ ያጥራል። ኤርካሎ ዝም ብሎ አያውቅም። ደግሞም ኤርካሎ በሬ ሊገዛ ቤሌ ገበያ ወርዶ ወባ አጣድፎት እዚያው ተኝቷል፤ ይህን የሰማሁት ትናንት ነው። ዛሬ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። «ያን ሁሉ ቁመት» የሚለው ላይ ስደርስ ክው ብዬ ቀረሁ። የሥራ ጓደኞቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

ያ ሰው ሻንቆ ነው። የእኅቴ የአስካለች ባል። የእናቴ አማች ነው ዓመለወርቅ! አማቿ!

እናንተም አገር አማት ይከበራል፣ አውቃለሁ። እኛ ቤት ግን ሻንቆ እኅቴን ካገባ ጀምሮ የእናቴን ስም አፉ ላይ አድርጎት አያውቅም። እሷ ካለችበት ቤት አይጎርስም። መንገድ ላይ ካገኛት ከመንገዱ ወርዶ ፊቱን አዙሮ ያሳልፋታል። እሷም ሳትከናነብ በፊቱ አልፋ አታውቅም። ዝምድናቸው የቆመው በዚህ ላይ ነው። ይህን ሰው ነው ጭኗን ያስያዝሽው። ፖፖዋን ያስደፋሽው። በየቀኑ፣ ሰው እየሳቀ!

እህል ለምን እንደማይወርድላት አሁን ገባሽ? እሱ ባለበት እንዴት ትብላ?

እኔ እጇን ይያዝላት ማለቴ ነበር እንጂ ጭኗን ይያዝ አላልኩም። ይህን ጽፌ ደግሜ ሳነበው ደግሞ ራሴን ታዘብኩት። «በወገኗ እጅ ትያዝ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ትምህርት ቤት የተማርነውን ደገምኩ፤ ወገን ስል የትኛው ወገን እንደሆነ መናገር አልታየኝም። የገሱባ ልጅ ሆኜ!

ይህ እንደደረሰሽ ሻንቆን ከዋርዱ አውጪው። ቀስ ብለሽ፣ ምክንያት ፈጥረሽ፣ እንጨት ፍለጥ ብለሽም ቢሆን። ይቅርታ እንዳትጠይቂው። ይቅርታ ከጠየቅሽው ሰው አየ፣ ሰው አወቀ ማለት ነው፤ ያኔ አገር ጥሎ ይጠፋል። እናቴንም በዚህ ነገር አንድ ቃል እንዳትነግሪያት። አስካለች አራስ ናት፣ መምጣት አትችልም፤ አንዲት ጎረቤት ሴት እንድትመጣ ልኬአለሁ።

ቁስሉ መዳኑ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሰገነት

ሶዶ፣ ኅዳር 1 ቀን 1956 ዓ.ም.

ሰገነት፣

ደብዳቤሽን መድኃኒት ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር የማነበው። መሀል ላይ ቁጭ ልበል ብዬ ወንበሩን ስቼው መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። ሰው መጥቶ እስኪያነሳኝ እዚያው ቀረሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ የተተረተ ነው። ያ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ተጣብቆ አልለቅ ብሎኛል። ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ሰገነት። «አፍራ ነበር?» ብዬ ያሳቅኩት እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሚ። እናትሽ እዚህ የሉም።

ደብዳቤሽ ሳይደርስ ነው የሄዱት። ላንቺ መጻፍ ፈርቼ ዛሬ ይመለሳሉ፣ ነገ ይመለሳሉ እያልኩ ቆየሁ። እሑድ፣ መሄድ የሚችል በሽተኛ ሁሉ ለመዝሙር ጸሎት ቤት ሲገባ፣ ከአልጋ ወርደው ዱላ ተደግፈው ወጡ። አጠገባቸው የተኛችው ሴት ፀሐይ ሊሞቁ መስሏት ነበር። ዘበኛውም «ለሚገባ እንጂ ለሚወጣ ማን ይከለክላል?» አለኝ። ወደ ገሱባ የሚመለሱ ሰዎች በቅሎ ላይ እንደጫኗቸው በኋላ ሰማሁ። ቁስሉ ገና አልገጠመም። ሜትረኗ «በፈቃዷ ወጣች» አለችና አልጋውን ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው ሰጠችው። አንሶላው እንኳ አልቀዘቀዘም ነበር።

ሻንቆ የት ነበር ትዪኛለሽ። ዛፉ ሥር ነበር። አይቷቸዋል! ሲመጡ አየና ተነሣ፣ ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ እስኪያልፉ ድረስ ቆመ። እንዲህ ነዋ ያስተማራችሁት። እንዴት ይጥራቸው፣ ስማቸውን አይጠራ። እንዴት ይያዛቸው፣ እጁ ያን ሁሉ አድርጎ።

ከደብዳቤው ጋር በከሊል አፍ የላክሽውን፣ ለምን ዝም አለ የሚለውን ጥያቄ ለሻንቆ አቅርቤለታለሁ። አገር ጥሎ አልጠፋም፤ ከሊል ሱቅ ጆንያ እየተሸከመ መጋዘኑ ውስጥ ያድራል። ቤቱ አልገባም፣ የተወለደለትን ልጅ አላየም። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፣ እንዳልሽው። «ኤርካሎ ስልህ ለምን አቤት አልክ?» አልኩት ብቻ። መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለኝ፤ ቃሉን እንዳለ ልጻፍልሽ።

«ሲስተር፣ አንቺ የያዝሽው ደብዳቤ የኤርካሎ ስም አለበት። ኤርካሎ አይደለሁም ካልኩ አልጋ አይሰጥም ብዬ ፈራሁ።»

«እግር ያዝ ስልህስ? አማቴ ናት አትልም?»

«እሱ ሕግ መሰለኝ። የሆስፒታል ሕግ። አማች ካልያዘ አይታከምም የሚል። ታዲያ ምን ልበል፣ ይሙቱ ልበል?»

ሰገነት፣ ይህ ሰው ሕግ ነው ብሎ ነው የያዘው! የእናትሽ መዳኛ ዋጋው ይህ ነው ብሎ፣ ነጭ የለበሰ ሰው ያለው አይመለስም ብሎ ነው። እኔ መግል ያስጠላዋል ብዬ እስቅበት ነበር። ስሄድ ከኋላዬ ጠራኝና «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር በዪልኝ። አንድ ቀን አልገለጥኩም። እሱን ብቻ በዪልኝ» አለ።

ለማን በዪልኝ እንዳለ ገብቶሻል። ልሂድ ወይ?

ዓመለወርቅ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 8 ቀን 1956 ዓ.ም.

አትሂጂ።

ፋሻውንና መድኃኒቱን በከሊል በቅሎዎች ለአስካለች ላኪላት። ውሃ አፍልታ በጨው እንድታጥበው ጽፈሽ ላኪ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ያነብላታል። ሴት ናት፣ ልጇ ናት። ከእንግዲህ እናቴን የሚነካት ከሆዷ የወጣ ብቻ ነው። አንቺ ግን እጅሽን ከእሷ ላይ አንሺ። ሥራ አስቸግሮሽ ነው፣ ባለማወቅ ነው፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ አሁን ግን ስምሽን ሳስበው የዋርዱ ሳቅ ነው የሚመጣብኝ።

ፈቃድ ጠየቅሁ። «እናቴ ታማለች» ስል የክፍላችን ኃላፊ ቀና ሳትል «የማን እናት አልታመመችም?» አለችኝ። ነርስ ናት እኮ ይህን ያለችው! ትናንት ሰው ስለማክበር ያስተማረችን ናት። ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የሚያልፉትን በሽተኞች ሳይ፣ ስንቶቹ ሕግ መስሏቸው ነው የምንላቸውን የሚያደርጉት አልኩ። ልብስሽን አውልቂ ስንል የምታወልቀው፣ በሰው ፊት ሽንትህን ስጥ ስንለው የሚሰጠው። እኔስ ስንቴ ብያለሁ?

ፈቃዱን ከሰጡኝ ሰጡኝ። ካልሰጡኝ ሥራው ይቅር፣ እመጣለሁ።

ሰገነት

ሶዶ፣ ኅዳር 21 ቀን 1956 ዓ.ም.

እኅቴ፣

ሄድኩ። ስድብሽን ሁሉ ሰምቼ እንደጨረስኩ ቁጠሪው።

ፋሻውን እንዳልሽው ልኬ ነበር። የከሊል በቅሎ ነጂ ከገሱባ ገበያ ሲመለስ ፋሻው እንደታሸገ ይዞት መጣ። አስካለች «አልገልጥም አለች፤ ቀርቤ ብነካት በዱላ አለችኝ» ብላ ልካለች። ትኩሳት እንዳላቸውም ላከች። ከዚህ በኋላ አትሂጂ ብትይኝ ማን ይሰማሻል? ሜትረኗን ለምኜ አጭር ፈቃድ አገኘሁና ከጨው ጭነት ጋር ወረድኩ። በቅሎ ላይ ተቀምጬ ስለማላውቅ መንገዱን ሁሉ ነጂው ሲስቅብኝ ነበር፤ ሳቁን የሥራዬ ዋጋ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ቤቱ ገና በሩ ላይ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ያንን ሽታ ታውቂዋለሽ። የእንሰት ቅጠል ደራርበው አስረውበት፣ በላዩ ጋቢ ለብሰው፣ እንደ ሆስፒታሉ ወደ ግድግዳ ዞረው ነበር። የእኔን ድምፅ ሲሰሙ ነጠላቸውን የባሰ ወደ ታች ሳቡት። እኔም እንኳን ቁስል ልገልጥ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳላውቅ የሻንቆን መልእክት ተናገርኩ። አታንሺባት ብለሽኝ ነበር፤ አነሣሁባቸው። አስካለችም ሕፃኑን አቅፋ እየተርበተበተች ተረጎመችው። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር አለቻቸው።

ነጠላው አልተነሣም። አጠፋሁ ብዬ መድኃኒቴን መሰብሰብ ጀመርኩ። ከዚያ ከነጠላው ሥር አንድ ነገር ጠየቁ። አስካለች «ሁሉንም ቀን? ትላለች» አለችኝ። «ሁሉንም ቀን። እኔ ስስቅበት እንኳ አልገለጠም» አልኩ።

ነጠላውን ከፊታቸው አነሡት። ሰገነት፣ ያን ሁሉ ቀን ሳጥባቸው ፊታቸውን አላየሁትም ነበር! ቅንድባቸው ያንቺ ነው። የሰውን ፊት ሳላይ እንዴት አስታመምኩ? ቁስሉን መንገድ ላይ ባየው አውቀዋለሁ፣ እሳቸውን ግን አላውቃቸውም ነበር።

ከዚያ አስካለችን አስወጧት። በሩን ዝጊ አሏት። እኔ ወላይትኛ አልችል፣ እሳቸው አማርኛ አይችሉ፤ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ቀሚሳቸውን ራሳቸው ሰበሰቡ፣ ከቁስሉ በቀር ሌላው ገላቸው እንዳይታይ ጋቢውን እንዴት እንደምይዝ በእጃቸው አሳዩኝ። የተማርኩት እኔ፣ ያሳዩኝ እሳቸው። የበሰበሰውን ሳነሣ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት። ፋሻውን ሳስር ግን ያወሩኝ ጀመር፣ ረጅም ወሬ፤ እኔም ገብቶኝ እንደሆነ ሁሉ «እሺ፣ እሺ» አልኩ። አንድ ጊዜ ሳቁ። በአለባበሴ ሳይሆን አይቀርም።

እዚያ አደርኩና በማግሥቱም አጠብኩላቸው፣ መርፌም ወጋኋቸው፤ ትኩሳቱ በረደ። ፈቃዴ ስላለቀ ተመለስኩ። ከእኔ በኋላ አስካለችን እንዲያስነኩ ለመንኳቸው፤ ጭንቅላታቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ገና መግል ይይዛል፤ በየቀኑ ካልታጠበ ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። ልጃቸውን እምቢ ብለው እኔን ያን ሁሉ ያደረግኋቸውን ለምን እሺ እንዳሉ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው። አስካለች መግል አይታ ስለማታውቅ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አንቺ ግን ልጅም ነሽ፣ ነርስም ነሽ። ሁለቱን የያዘ እጅ ካንቺ በቀር የለም። ሥራው ይቅር ያልሽው እውነት ከሆነ አሁኑኑ ነይላቸው።

ዓመለወርቅ

ገሱባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1956 ዓ.ም.

ዓመለወርቅ፣ እኅቴ፣

ሳሮ። ሰላም ልበልሽ በእናቴ ቋንቋ፣ እስካሁን ሳልልሽ ለቆየሁት ጭምር።

ፈቃዱን አልሰጡኝም፣ መጣሁ። መንገዱን ሁሉ በሩን ስከፍት እንዴት እንደምታየኝ ሳስብ ነበር። አየችኝ፣ ሳመችኝ፣ ጉንጬን ይዛ አለቀሰች። ውሃ አፈላሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ፋሻውን ዘረጋሁ። ጋቢዋን ልገልጥ ስል እጄን በጥፊ መታችኝ። ሕፃን ሆኜ እንኳ እንዲህ መትታኝ አታውቅም።

«እናቴ፣ እኔ እኮ ሥራዬ ነው! በሽታ ነው የማየው!» አልኳት። እንዲህ ብላ መለሰችልኝ፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ ጉልበቱ ያንሳል እንጂ፦ «አንቺ ነገም ከእኔ ጋር ትበያለሽ፣ ከነገ ወዲያም ታዪኛለሽ። ባየሽኝ ቁጥር ያየሽውን ታያለሽ። ያቺ የሩቅ አገር ሰው አይታ ትሄዳለች፤ ያየችውን ይዛልኝ ትሄዳለች። እኔ ለናንተ እናት ሆኜ ልኑር።»

እንደ ደነገጥኩ ቀረሁ፤ እስካሁንም አልተመለስኩም። ባዕድ እንዳይነካት ብዬ አደራ ስጽፍልሽ እናቴን የማውቃት መስሎኝ ነበር። ስታፍር የኖረችው ከባዕድ አልነበረም፤ ከእኛ ነበር። ይህን ያህል ዘመን ልጇ ሆኜ፣ ይህን ያህል ዓመት የሰው ገላ አጥቤ፣ አንድ ቀን «በማን እጅ ይሻልሻል?» ብዬ አልጠየቅኋትም። አንድም በሽተኛ ጠይቄ አላውቅም። እኔ ነኝ የምመርጥላቸው።

ተናድጄ ውጭ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ቀንቼብሻለሁ፣ አልደብቅሽም። በትምህርት ቤት ፋሻ አስተሳሰር ማን ያሳይሽ እንደነበር ታውቂያለሽ።

እናቴ ወደ ሻንቆ ልካለች። «መጥቶ ልጁን ይይ፣ እኔ ጓዳ እገባለሁ» አለች። መጣ። እሷ ጓዳ ሆና፣ እሱ ከደጅ በኩል ሕፃኑን ታቀፈ። ፊት ለፊት አልተያዩም፣ አንድ ቃልም አልተነጋገሩም፤ ስለዚህ አስካለች ሁሉም ነገር ደህና ሆኗል ትላለች። ደብዳቤውን ይዞልሽ የሚመጣው እሱ ነው፤ በቅሎውንም እሱ ይስብልሻል። ስለዚያ ነገር እንዳታነሺበት።

ፋሻው ካንቺ ወዲህ አልተለወጠም። ትኩሳቱ ትናንት ተመልሷል፣ ዛሬ ብሷል፤ ሽታውም ጀምሯል። እኔ ቁጭ ብዬ ከማሽተት በቀር የማደርገው የለም። ለሜትረኗ በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን አብሬ ልኬአለሁ፣ ካልፈቀደችልሽ ግን ሳትፈቅድልሽ ነይ።

«እጅሽን አንሺ» ያልኩሽ እኔው ነኝ፣ አሁን ነይልኝ የምልሽም እኔው ነኝ። እናቴ ያቺ ቀጭኗ መቼ ነው የምትመጣው እያለች በየሰዓቱ ትጠይቀኛለች። ከመጣሽ በሩን ዝጊው፤ እኔ ደጅ ቆሜ ውሃ አቀብልሻለሁ።

ሰገነት